በወንድሜ መጽሐፍ ውስጥ የዳነችው ሴት እኔ አይደለሁም

አሰላ ከተማ የምታውቁኝ ብዙዎቻችሁ ስለ ሕመሜ ከእኔ በፊት ከሌላ ሰው ሰምታችኋል። አንዲት አስተማሪ ዓለም ጨልሞባት ነበር፣ ከዚያ የሚያነቃቁ መጻሕፍት አንብባ ያለ አንድ ክኒን ዳነች ተብሏል። ያቺ አስተማሪ እኔ ነኝ። ዓለም ጨልሞብኝ የነበረው እውነት ነው። የቀረው ውሸት ነው። ውሸቱ ሌላ ሰው ላይ ጉዳት ባያደርስ ኖሮ አፌን ይዤ እኖር ነበር።

አስቴር እባላለሁ። አርባ ሁለት ዓመቴ ነው። የተወለድኩት ጢቾ ሲሆን አሰላ የመጣሁት ለትምህርት ነበር፤ በዚያው አማርኛ አስተማሪ ሆኜ ቀረሁ። ባለቤቴ ደረጀ የኮምባይነር ኦፕሬተር ነው። ስንዴ ሲደርስ ማሽኑን ይዞ ወደ ዲክሲስ ይወጣና ሳምንታት ይቆያል። ልጅ አልወለድንም። ልጅ ማሳደግ ግን አውቃለሁ። አባታችን ሲሞት ታናሽ ወንድሜ ዮናስ ገና ሰባት ዓመቱ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሥራ ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም። ወደ ራሴ አምጥቼ አሳደግኩት። ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ «እትዬ» ይለኛል።

ሕመሜ የጀመረው በንባብ ነው። ሰው ራሱን አሞት ወይም ትኩሳት ይዞት ነው በሽታ የሚጀምረው፤ እኔ ማንበብ አቃተኝ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፣ አሰላ ቀኑን ሙሉ ጭጋግ ውስጥ የምትውልበት ጊዜ። አንድ ልቦለድ ይዤ ነበር። ከገጹ አናት ጀምሬ ታች እደርሳለሁ፣ ምን እንዳነበብኩ አላውቅም። እንደገና ከላይ እጀምራለሁ። ሦስት ቀን እዚያው ገጽ ላይ ቆየሁ። ድካም ነው ብዬ መጽሐፉን አስቀመጥኩት። ትምህርት ሲከፈት ደግሞ የተማሪ ድርሰት ማረም አቃተኝ። አንድ ደብተር ከፍቼ ቀዩን እስክሪብቶ እንደያዝኩ የእረፍት ሰዓቱ ያልቃል።

ከዚያ ሰውነቴ ተከተለ። ሆዴ ይቃጠላል። እግሬ እንደ እርጥብ ጆንያ ይከብደኛል። ምግብ አፌ ውስጥ ይዞራል እንጂ አይወርድም። ቀሚሶቼ ሁሉ ሰፉኝ። ከንጋት በፊት እነቃና የቀኑን ርዝመት ሳስበው እፈራለሁ። ምን እንደምፈራ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ጸጉሬን ማበጠር ራሱ እንደ ትልቅ ሥራ ያስፈራኝ ነበር።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ደሜን ወስዶ «ታይፎይድ ነው» አለኝ። መርፌ ተወጋሁ። አልተሻለኝም። ሁለተኛው «ጨጓራሽ ውስጥ ባክቴሪያ አለ» ብሎ ሦስት ዓይነት መድኃኒት አንድ ላይ ሰጠኝ። ጨርሼ ስመለስ ሌላ ሐኪም አገኘሁ፤ እሱ «ደም ማነስ ነው፣ ቀይ ሥርና ጉበት ብዪ» አለኝ። ማናቸውም ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ሆዴን አልኳቸው፣ ሆዴን አከሙ። እኔም ያልነገርኳቸው ነገር ነበር። ምንም ነገር ደስ እንደማይለኝ፣ መሞቴ ምንም እንደማይመስለኝ አልተናገርኩም። ይህ የሐኪም ጉዳይ ነው ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ የኃጢአቴ ይመስለኝ ነበር። ጸበልም ገባሁ። እዚያ ማልቀስ ትንሽ ቀለል አደረገኝ፤ ሳምንት ሳይሞላ ግን ወደነበርኩበት ተመለስኩ።

ከእነዚያ ተራ መጠበቂያዎች የማልረሳው አንድ ነገር አለ። ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ወገቤ አልቆም አለ። አጠገቤ የነበረች፣ ጭቃ የነካው ጫማ ያደረገች የገጠር ሴት ዞር ብላ አየችኝና ትከሻዋን ጠጋ አድርጋ «ተደገፊኝ» አለችኝ። ስሜን አልጠየቀችኝም። ተራዋ ደርሶ እስክትገባ ድረስ ተደግፌያት ተቀመጥኩ።

ቤት ውስጥ ግን መደገፊያ አልነበረም። ደረጀ ደግ ሰው ነው፤ የማይገባውን ነገር ግን ይፈራል። አንድ ቀን የሠራው ሽሮ ሳይነካ ሲመለስለት «ምን ጎደለሽ፣ ንገሪኝ? ምን አጠፋሁ?» አለኝ።

«ምንም አላጠፋህም።»

«ታዲያ ለምን እንደዚህ ትሆኛለሽ?»

ተነሥቼ መኝታ ቤት ገባሁ። እሱም ያንን እንደ ኩርፊያ ወሰደው።

በመጨረሻ ሆስፒታል ሄድኩ። ያየኝ ሐኪም በጣም ወጣት ነበር። የያዝኩትን የምርመራ ወረቀት ሁሉ አገላብጦ ሲያበቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና «ቲቸር፣ ከመታመምሽ በፊት ምን ነበር ደስ የሚልሽ?» አለኝ።

«ማንበብ» አልኩት። ያንን አንድ ቃል ስናገር እንባዬ ገነፈለ።

ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ላከኝ። በሩ ላይ የተጻፈውን ሳይ ሰው አየኝ አላየኝ ብዬ ግራ ቀኝ ተመለከትኩ። የተቀበለችኝ ሲስተር ጫልቱ ትባላለች። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ስገባ ሳቅ አለችና «ጉንፋን ነው ወይስ እፍረት?» አለችኝ። ረጅም ሰዓት ጠየቀችኝ። መኖር ያስጠላሽ ጊዜ አለ ወይ ብላ በግልጽ ስትጠይቀኝ ደነገጥኩ። አለ አልኳት። አልደነገጠችም።

«ይህ ድባቴ ይባላል» አለችኝ። «ሐዘን አይደለም፤ ሐዘን ምክንያት አለው። ስንፍናም አይደለም፣ የእምነት ማነስም አይደለም። ሕመም ነው፣ ይታከማል። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ መድኃኒቱ ቶሎ አይይዝም። ሳምንታት ይፈልጋል። ሲሻልሽ ደግሞ ‹አሁንማ ድኛለሁ› ትያለሽ። ያን ጊዜ ወደ እኔ ነው የምትመጪው። በራስሽ እንዳታቋርጪ።»

የነገርኩት ለሁለት ሰው ብቻ ነው። ለደረጀ «ለጭንቀት የሚሆን መድኃኒት ነው» አልኩት። ለዮናስ ሁሉንም ነገርኩት።

ዮናስ ያኔ የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶኮፒ ሱቅ ነበረው፤ ከዚያ ጎን ለጎን ለወጣቶች አነቃቂ ንግግር ያደርጋል። አንደበተ ርቱዕ ነው። ልጅ ሆኖ ግጥም በቃሉ የማስጠናው እኔ ነበርኩና ሲያወራ ስሰማው እኮራ ነበር። በማግስቱ አንድ ካርቶን መጽሐፍ ተሸክሞ መጣ።

«እትዬ፣ ሰው ሲከፋው የሚያነባቸው ናቸው። እኔን ያቆሙኝ እነዚህ ናቸው። አንድ ወር ስጪኝ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ የምፈልገውን ነገር ያመጣልኝ ሰው እሱ ስለነበር አቅፌው አለቀስኩ። መጻሕፍቱን ግን ማንበብ አልቻልኩም። ከየገጹ አንድ ሁለት መስመር ብቻ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ደስታ ምርጫ ነው ይላል አንዱ። ሌላው ጠዋት ስትነሣ መስታወት ፊት ቆመህ ፈገግ በል ይላል። ሌላው የተሸነፉ ሰዎች ሰበብ ይወዳሉ ይላል። ለጤነኛ ሰው ጥሩ ምክር ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ያነበብኩት እንዲህ ነበር፦ ደስታ ምርጫ ከሆነ ይህንን የመረጥሽው አንቺ ነሽ። መስታወቱ ፊት ቆሜ ፈገግ ለማለት ሞክሬ አውቃለሁ። ያየሁትን ፊት እንዳላይ መስታወቱን በፎጣ ሸፈንኩት።

ዮናስ ማንበብ እንዳቃተኝ ስነግረው አንድ ወፍራም ደብተር አመጣልኝ። «እንግዲያው ጻፊ» አለኝ። «የሚሰማሽን ሁሉ። አታሳምሪው። ማንም አያየውም፣ ለራስሽ ነው።»

ጻፍኩ። መጻፍ ከማንበብ ይቀል ነበር። ለእግዚአብሔርም ያልነገርኩትን ጻፍኩ። አንድ ቀን የጻፍኩትን እዚህ እደግመዋለሁ፤ አሁን ምስጢር አይደለምና፦ «ደረጀ አጠገቤ ተኝቶ ትንፋሹን እሰማለሁ። ነገ ባልነቃ ስንት ቀን ያለቅሳል ብዬ አሰላሁ። ብዙ አልሆነብኝም።»

መድኃኒቱን ከጀመርኩ ስድስተኛው ሳምንት ላይ ይሆናል፣ ጠዋት ስወጣ ጭጋጉ ተገፎ ጭላሎ ተራራ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ቆሜ አየሁት። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ቆሞ ያያል፣ እኔ ግን ለወራት አላየሁም ነበር። በዚያው ሳምንት አንድ ተማሪ ክፍል ውስጥ በተናገረው ነገር ሳቅኩ፤ ልጆቹ ዞር ብለው እርስ በርሳቸው ተያዩ። ድርሰትም ማረም ጀመርኩ።

ዮናስ ሲያየኝ ደስታውን መቋቋም አቃተው። «አላልኩሽም? መጻሕፍቱ ናቸው!» አለ።

«መድኃኒቱም አለ» አልኩት።

«እትዬ፣ ክኒን አእምሮን ይለውጣል? አንቺ እኮ ጠንካራ ነሽ። አሁን የሚይዝሽ ሱሱ ነው። ብታቆሚው ራስሽን ታምኚዋለሽ።»

እዚህ ላይ የራሴን ድርሻ መደበቅ አልፈልግም። አስገድዶ አላስቆመኝም። እኔም በዚያ ክኒን አፍር ነበር። ከቦርሳዬ ሳወጣው ሰው እንዳያየኝ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ነበር የምውጠው። ሲስተር ጫልቱ ያለችኝን እያስታወስኩ፣ አንድ ቀን ተውኩት። ምንም አልሆንኩም። ሁለተኛ ቀን ተውኩት። ከዚያ ቀጠሮዬንም ተውኩት።

ዮናስ መጽሐፍ እየጻፈ መሆኑን አውቅ ነበር። የመጽሐፉን ስም አልጠራም። ምረቃው እሑድ ከሰዓት በአንድ አዳራሽ ውስጥ ሆነ። እኔና ደረጀን ፊት ወንበር ላይ አስቀመጠን። የትምህርት ቤት ባልደረቦቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ የሰፈር ሰዎች ነበሩ። አዲስ ኮት ለብሶ መድረኩ ላይ ሲወጣ አባታችን ቢያየው ብዬ አሰብኩ።

ጥቂት ካወራ በኋላ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንዲት ሴት ነበረች» አለ። «ጠንካራ፣ የተማረች፣ የተከበረች። አንድ ቀን ጨለመባት። የጻፈችውን ላንብብላችሁ።» ከዚያ ከመጽሐፉ ላይ ማንበብ ጀመረ።

የራሴ ቃል መሆኑን ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። በእሱ ድምፅ ሲነበብ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። አንድ ቀን ቤት መጥቶ፣ እኔ ጓዳ ስገባ ደብተሩን በስልኩ ፎቶ እንዳነሣው በኋላ ራሱ ነው የነገረኝ። ስለ ደረጀ ትንፋሽ የጻፍኩት ጋ ሲደርስ፣ ከጎኔ ደረጀ ጉልበቱ ላይ የነበረውን እጁን ሲጨብጥ አየሁ።

«ይህች ሴት» አለ ዮናስ፣ «ያለ አንድ ክኒን፣ በንባብ ብቻ፣ ዛሬ ሙሉ ጤነኛ ናት። ደግሞም እዚህ አለች። እትዬ፣ ተነሺ!»

ተነሣሁ። ለምን እንደተነሣሁ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። ምናልባት ሃያ ዓመት «ተነሡ፣ ተቀመጡ» ስል የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ይሆናል። ምናልባት እሱን በሰው ፊት ማዋረድ ስላልቻልኩ ነው። ሰው ሁሉ አጨበጨበ፣ ስልክ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ፈገግ አልኩ።

ከደረጀ ጋር በባጃጅ ተመለስን። ቤት ገብተን በሩን ከዘጋ በኋላ ነው «አጠገብሽ ተኝቼ?» ያለኝ። ለእሱ ያልነገርኩትን ለወንድሜ ነግሬ፣ ወንድሜ ለከተማው ሁሉ ነገረው። ደረጀ በእኔ ተከዳ፣ እኔ በዮናስ። የዚያን ቀን ሁለታችንም ቤቱ ውስጥ እየተሸሻሽን አመሸን።

ከዚያ ሕመሙ ተመለሰ። ቀስ ብሎ አልመጣም። አንድ ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከመጀመሪያው የባሰ ሆነ። በትምህርት ቤት ልጆች መጽሐፉን ከዴስካቸው ሥር ይዘው ሲንሾካሾኩ አያለሁ። አንድ ወላጅ ልጁን ከክፍሌ እንዲያዛውሩለት ጠየቀ። ባልደረቦቼ ደግሞ ሲያገኙኝ «ጀግና!» ይሉኛል፤ ያኛው ይበልጥ ያመኝ ነበር። የዳነች ሴት ናት ተብሎ የተጨበጨበላት ሰው፣ እንደገና አመመኝ ብላ ለማን ትናገራለች?

አንድ ቀን ክፍል መግባት አቅቶኝ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከኋላ መደርደሪያ ሥር መሬት ላይ ተቀምጬ ጋሽ ከድር አገኙኝ። ጋሽ ከድር የትምህርት ቤታችን የመጻሕፍት ኃላፊ ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው። ወንበር አምጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ቲቸር፣ ያንን መጽሐፍ አነበብኩት» አሉኝ።

አሁን «ጀግና» ሊሉኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«አንድ ነገር አልገባኝም። ደብተሩን እንዲያወጣው ማን ፈቀደለት?»

ያንን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። «ማንም፣ ጋሽ ከድር» አልኳቸው። «መድኃኒትም እወስድ ነበር። ያሻለኝ እሱ ነበር። አሁን ደግሞ ታምሜያለሁ።»

«ጀባዹ» አሉኝ፤ በኦሮምኛ በርቺ ማለታቸው ነው። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው የደረጀን ቁጥር ጠየቁኝ። ደረጀ የሥራ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር መጣ። ሁለቱ ግራ ቀኝ ሆነው ሆስፒታል ወሰዱኝ።

ከሲስተር ጫልቱ በር ፊት ተራ ስንጠብቅ ከአርቦዬ የመጡ ባልና ሚስት አጠገባችን ተቀመጡ። ባልየው ጀማል፣ እሷ ዘይነባ ይባላሉ። እሷ ሻሿን ወደ ፊቷ አውርዳ መሬት መሬት ታያለች። ጀማል ከፌስታል ውስጥ አንድ መጽሐፍ አወጣ። ሽፋኑን ከሩቅ አወቅኩት።

«ይህን አንብበውታል?» አለኝ፤ ወሬ ለመጀመር ያህል። «የእህቴ ልጅ ሰጥታን ነው። ሚስቴ ከወለደች ጀምሮ እንደዚህ ሆነች። መድኃኒት ተሰጥቷት ተሽሏት ነበር። እዚህ ላይ አንዲት የአሰላ አስተማሪ ያለ መድኃኒት ዳነች ይላል። እሷ ማንበብ ስለማትችል እኔው አነበብኩላት። እኛም እንሞክረው ብለን አቆምን። አሁን አሥር ቀኗ፣ ከሰው ጋር አታወራም። ሕፃኑን አታቅፍም። ነርሷን ‹ይህ ነገር እውነት ነው ወይ› ብዬ ልጠይቃት ይዤው መጣሁ።»

ደረጀ አየኝ። ጋሽ ከድር አንገታቸውን ደፉ።

«እውነት አይደለም» አልኩት።

«እንዴት ያውቃሉ?»

«አስተማሪዋ እኔ ነኝ።»

መጽሐፉን አየ፣ እኔን አየ። «እርስዎ ነዎት?» አለ። «ታዲያ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

ብዙ ሰው ብዙ ነገር ብሎኛል። እንደዚያ ጥያቄ ያደቀቀኝ ግን የለም። በክፋት አልጠየቀኝም፤ ግራ ገብቶት ነው። «ታምሜ ነው» አልኩት። «መድኃኒቴን አቁሜ ነው የታመምኩት። ወንድሜ የጻፈው ሐሰት ነው። ሲያነበው ቆሜ ፈገግ ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ።» ዘይነባ ቀና ብላ ዓይኔን አየችኝ፤ ከዚያ መልሳ አቀረቀረች። ተራችን ሲደርስ ለእነሱ ሰጠን።

ሲስተር ጫልቱ አልተቆጣችኝም። ካርዴን አውጥታ «ከዜሮ አይደለም የምትጀምሪው፤ መንገዱን ታውቂዋለሽ» አለችኝ። ደረጀንም አስገብታ ያን ጊዜ እኔ የደበቅኩትን ሁሉ አስረዳችው። እሱ ስለ ሞተር እንደሚጠይቅ ነው የጠየቃት፦ ይህ ሲሆን ምን ምልክት ያሳያል፣ ያኛውስ፣ መቼ ነው ይዣት የምመጣው? ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ክኒኑንና ውኃውን ራሱ ያመጣልኛል። «አጠገብሽ ተኝቼ?» ያለኝን ነገር ደግሞ አውርተን አልጨረስነውም። አንዳንድ ቀን እናነሣዋለን፣ አንዳንድ ቀን እንተወዋለን።

ትንሽ ስበረታ ዮናስ ሱቅ ሄድኩ። መጽሐፉ መስኮቱ ላይ ተደርድሯል። ስለ ዘይነባ ነገርኩት።

«እኔ ስምሽን አልጻፍኩም» አለኝ መጀመሪያ።

«አስነሣኸኝ እኮ፣ ዮናስ።»

«ስንት ሰው ደውሎ እንዳመሰገነኝ ታውቂያለሽ? ስንት ሰው ተስፋ እንዳገኘ?»

«በማይሆን ነገር ነው ያገኙት። ክኒን ስወስድ አታውቅም ነበር?»

ፎቶኮፒ ማሽኑ ላይ ያለ ወረቀት ያስተካክል ጀመር። ከዚያ ፊቱን ሳያዞር «እትዬ፣ ያለ አንቺ ታሪክ ያ መጽሐፍ ምን አለው? የኔ ሕይወት ምን ታሪክ አለው? አንቺ አሳደግሽኝ፣ በቃ» አለኝ። በሕይወቱ ከነገረኝ ሁሉ እውነተኛው ያ ይመስለኛል። አዘንኩለት። ምዕራፉን እንዲያወጣው ለመንኩት። በሚቀጥለው ኅትመት ይወጣል ብሎ በአባታችን ስም ማለልኝ።

ሁለተኛው ኅትመት ወጣ። ምዕራፉ አልወጣም። እንዲያውም በመጨረሻው ላይ ሁለት መስመር ተጨምሮበታል፦ ያቺ እህት በመሐል ትንሽ ወድቃ ነበር፣ ዳሩ ግን በንባብ ኃይል እንደገና ተነሥታለች ይላል። አንዴ ተሳስቶ ነው ልል እችል ነበር። ለሁለተኛ ጊዜ ግን መውደቄንም ወስዶ ተጠቀመበት። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም። በበዓል ቀን ይደውላል፣ አላነሣም። ፊደል ያስቆጠርኩት ልጅ ነው። ይናፍቀኛል። ግን አላነሣም። እሱን የሚያውቅ ሰው ይህንን ጽሑፍ ቢያሳየው አልከፋም።

ወደ ጤናዬ የተመለስኩት በመድኃኒቱ፣ በየሁለት ሳምንቱ ከሲስተር ጫልቱ ጋር በማወራው፣ ደግሞም በሙጫ ነው። ሙጫ ያልኩት ለጨዋታ አይደለም። ጋሽ ከድር የተቀዳደዱ መጻሕፍት የተከመሩበት አንድ ጓዳ ነበራቸው። በክፍት ሰዓቴ እየጠሩ መርፌ፣ ክርና ሙጫ ይሰጡኛል።

«ማንበብ አልችልም፣ ጋሽ ከድር» አልኳቸው።

«ማን አንብቢ አለሽ? ለጥፊው።»

ወራት ለጠፍኩ። የጂኦግራፊ መጽሐፍ ጀርባ ሰፋሁ፣ የሂሳብ መጽሐፍ ጆሮ አቀናሁ። አንድ ቀን ሽፋኑና የመጀመሪያዎቹ ገጾቹ የሌሉት ልቦለድ እጄ ገባ። ደራሲው ማን እንደሆነ፣ ርዕሱም ምን እንደሆነ አይታወቅም። ገጹ በተራ መሆኑን ለማረጋገጥ የአንዱን ገጽ መጨረሻና የሚቀጥለውን መጀመሪያ ማየት ነበረብኝ። አንድ ነጋዴ አህያው ታሞበት መንገድ ላይ ይቀራል። ሙጫው እጄ ላይ እስኪደርቅ ድረስ አህያው ምን እንደሆነ ሳነብ ቆየሁ። አንድ ገጽ ተኩል። ጋሽ ከድር አይተውኛል፤ ምንም ሳይሉ በሩን ገርበብ አድርገው ወጡ።

ሲከፋን ምን እናንብብ እያላችሁ መንገድ ላይ ለምታስቆሙኝ ሰዎች መልሴ ይህ ነው። ማንበብ አቅቷችሁ ከሆነ አታንብቡ፤ መጀመሪያ ታከሙ። ክኒን ከታዘዘላችሁ ያዘዘላችሁን ሰው ሳትጠይቁ በማንም ቃል አታቁሙት፣ በወንድማችሁም ቢሆን። ማንበብ ስትችሉ ደግሞ አድርጉ፣ ሁኑ፣ ተነሡ እያለ የማይጮህባችሁን መጽሐፍ ምረጡ። እኔን ያ አህያ ጠቅሞኛል። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ማንም ደስ ይበልሽ አላለኝም። ሰዎቹ የራሳቸው ችግር ነበረባቸው፤ እኔን ቀና ብለው አላዩኝም፤ እኔም ለአንድ ገጽ ተኩል ራሴን ተውኩት።

ከዘይነባ ጋር የቀጠሮ ቀናችን ይገጣጠማል። መጀመሪያ አካባቢ ሰላምታዬን እንኳ አትመልስም ነበር። የበደልኳት ሰው ነኝና አልፈረድኩባትም። አንድ ቀን ወረፋው ረዝሞ፣ ጀማል ሕፃኑን ታቅፎ ወዲያ ወዲህ ሲል፣ ያንን ሽፋን የሌለው መጽሐፍ ከቦርሳዬ አወጣሁና ለራሴ የማነብ መስዬ ድምፄን ትንሽ ከፍ አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ። አየት አላደረገችኝም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ካቆምኩበት ቀጠልኩ። በሦስተኛው ሻሿን ከጆሮዋ ወደ ኋላ ገለጥ አድርጋ ተቀመጠች።

በአራተኛው፣ ነጋዴው አህያውን ይዞ ወንዝ ሊሻገር ውኃው ጉልበቱ ላይ ደርሷል። ሲስተር ጫልቱ በሩን ከፍታ «ቲቸር አስቴር፣ ግቢ» አለችኝ። መጽሐፉን ዘግቼ ተነሣሁ።

ዘይነባ ቀሚሴን ያዘች። ድምፅዋን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም፤ ጀማልም ለወራት አልሰማውም ነበርና ሕፃኑን እንደታቀፈ ባለበት ቆመ።

«ተሻገረ?» አለችኝ።